የአረጋውያን ማዕከል እንክብካቤ ጥራት፦ በደሴና በኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሱት እናት አባታቸውን ወይም ጧሪ ያጣ ጎረቤታቸውን ወደ አረጋውያን ማዕከል ለመውሰድ የሚያስቡ ቤተሰቦች፣ በማዕከል የሚሠሩ ተንከባካቢዎች፣ እንዲሁም በእድር፣ በሰበካ ጉባኤ ወይም በመስጊድ በኩል የሚረዱ ሰዎች ናቸው። መልሶቹን ሁሉ የሚያስተሳስራቸው አንድ እምነት አለ፤ የአንድ ማዕከል ጥራት መታየት ያለበት ከአልጋው ራሱን ችሎ መነሳት በማይችለው፣ በተለይም ጠያቂ በሌለው ሰው ላይ ነው። እርሱ በደህና ከተያዘ ሌሎቹም በደህና መያዛቸው አይቀርም።

ቤቱ ንጹሕና አዲስ ከሆነ ጥራት አለው ማለት አይቻልም?

ንጽሕና የግድ ነው፤ ብቻውን ግን ብዙ አይናገርም። በሕክምና ጥራት ጉዳይ ስሙ ደጋግሞ የሚነሳው፣ ቤይሩት የተወለደው ሐኪም አቬዲስ ዶናቤዲያን እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ ጥራትን በሦስት በኩል መመልከት እንደሚገባ አሳይቷል፦ በቦታው ባለው ነገር፣ በሚሠራው ሥራ፣ በሰውየው ላይ በሚታየው ውጤት። ማዕከሉ ተሽከርካሪ ወንበር ያለው መሆኑ የመጀመሪያው ነው። እማማ በየጠዋቱ በወንበሩ ተቀምጠው ፀሐይ ወዳለበት መውጣታቸው ሁለተኛው ነው። ጉልበታቸው ሳይተሳሰር፣ ገላቸው ሳይቆስል፣ ከሰው ጋር እየተጫወቱ መክረማቸው ሦስተኛው ነው።

ለጋሾች አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ለፎቶግራፍ የሚመቸው እርሱ ነውና። ወንበሩ ከነላስቲኩ መጋዘን ውስጥ ከቆመ ግን እማማ ምንም አላገኙም። ስለዚህ ማዕከል ስትጎበኙ “ምን አላችሁ?” ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ “ዛሬ ማን ተጠቀመበት?” ብላችሁ ጠይቁ።

ወላጅን ማዕከል ማስገባት ነውር አይደለም?

ብዙዎች ይህን የሚጠይቁት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። እውነታውን እንመልከት። አንዷ ልጅ ዓረብ አገር ናት፤ ወንድሟ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል፤ አባት የመርሳት ሕመም ይዟቸው ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ከከሰል ምድጃ ጋር ይውላሉ። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ማዕከል ማሰብ የፍቅር ማጣት ምልክት አይደለም። የሚያሳስበኝ አስገብቶ መጥፋት ነው። የቤተሰብ ሕግ ልጆች ለተቸገሩ ወላጆቻቸው ቀለብ እንዲሰጡ ግዴታ ይጥላል፤ መጠየቅን ግን ሕግ አያስገድድም፤ ከልብ የሚመጣ ነው። ዘመድ ሳይታሰብ ብቅ የሚልለት ሰው የተሻለ እንደሚጠበቅ በማዕከል የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ስትሄዱ ከአባታችሁ ጎን ያለውን አልጋም ጠይቁ።

ለማየት መቼ ልሂድ? ምንስ ልመልከት?

በበዓል ቀን ባትሄዱ ይመረጣል። በፋሲካም ሆነ በኢድ የትኛውም ማዕከል ያምራል፤ ምግቡ ይበዛል፣ ሰው ይሞላል። ተራ የሆነ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ምረጡና አንድ ጊዜ በምሳ ሰዓት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ወደ ማታ ሂዱ። በምሳ ሰዓት እጃቸው የሚንቀጠቀጥባቸውን ሰዎች ማን እንደሚያጎርስ ተመልከቱ። አጉራሿ ተቀምጣ ታጎርሳለች ወይስ ቆማ? ጉርሻው እስኪዋጥ ትጠብቃለች? ያልተነካ ሳህን ሲነሳ “ለምን አልበሉም?” የሚል ሰው አለ? የውሃ ኩባያው እጃቸው የሚደርስበት ቦታ ነው ወይስ መስኮት ላይ?

የእራት ሰዓት ብዙ ነገር ይናገራል። በአንዳንድ ቦታ የቀን ሠራተኛ ሳይወጣ እንዲጠናቀቅ ተብሎ እራት ከቀኑ 11 ሰዓት ይቀርባል፤ ቁርስ ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። በመካከሉ 15 ሰዓት አለ። በአሜሪካ ደንብ በእራትና በቁርስ መካከል ያለው ጊዜ በመደበኛነት ከ14 ሰዓት እንዳይበልጥ ተደንግጓል። ለስኳር ሕመምተኛ አረጋዊ ይህ ክፍተት አደገኛ ነው። ማታ አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም አጥሚት መስጠት ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ሽታም ማስረጃ ነው፤ ነገር ግን በፍርድ አትቸኩሉ። አንድ አልጋ አጠገብ አሁን የሆነ ነገር ሊኖር ይችላል። ኮሪደሩ በሙሉ የቆየ ሽንት የሚሸት ከሆነ ግን መለወጥ ያለበት በሰዓቱ አለመለወጡን ያሳያል። ሰው ሲታጠብ መጋረጃ ይጋረዳል? ሠራተኛዋ “ሐጂ” ወይም “እማማ” ብላ በስማቸው ትጠራቸዋለች ወይስ በአልጋ ቁጥር?

የአልጋ ቁስል ለምን ዋና መለኪያ ይሆናል?

አብዛኛውን ጊዜ መከላከል ስለሚቻል፣ ካልተከላከሉትም ገላ ላይ ተጽፎ ስለሚቀር ነው። ሰው ሳይንቀሳቀስ ሲተኛ አጥንቱ ቆዳውን ከፍራሹ ጋር ይጨምቀዋል፤ ደም ወደዚያ ቦታ መድረስ ያቅተዋል፤ ቆዳውና ከሥሩ ያለው ሥጋ ይሞታል። ከወገብ በታች ያለው የጀርባ አጥንት፣ ዳሌ፣ ተረከዝ፣ ክርንና የራስ ቅል የኋላ ክፍል ይበልጥ ይጎዳሉ። የረጠበ ዳይፐር፣ የምግብ ማነስና ሰውን አንስቶ በማዛወር ፋንታ አንሶላ ላይ መጎተት ነገሩን ያባብሳሉ።

የተለመደው አሠራር አልጋ ላይ ያለን ሰው በየ2 ሰዓቱ ያህል ማገላበጥ ነው፤ እንደ ሰውየው ሁኔታና እንደ ፍራሹ ሊፈጥን ወይም ሊዘገይ ይችላል። ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ክብደቱ በመቀመጫው ላይ ስለሚያርፍ ይበልጥ ቶሎ ቶሎ ቦታ መቀየር አለበት። ተረከዝን ከፍራሹ ለማንሳት ከባት ሥር ትራስ ማድረግ ይረዳል። ቀለበት መሳይ ትራስ ግን አይመከርም፤ ዙሪያውን ያለውን ደም ሥር ይጫናልና።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የምለው አለኝ። መጻሕፍቱ የመጀመሪያውን ደረጃ “የቀላ ቆዳ” ብለው ይገልጹታል። በእኛ የቆዳ ቀለም ግን መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል፣ ብዙ ሰው ቁስሉ የሚታወቅለት ቆዳው ከተላጠ በኋላ ነው። ስለዚህ በብርሃን ተመልከቱ፤ ከአካባቢው የጠቆረ ወይም ወደ ሰማያዊ ያደላ ቦታ ፈልጉ። በእጃችሁም ዳስሱ፦ ከጎኑ ካለው ቆዳ ይልቅ የሞቀ ወይም የቀዘቀዘ፣ የጠጠረ ወይም የላሸቀ ቦታ አለ? ስትነኩት ያማቸዋል? ቁስሉ በዚህ ደረጃ ላይ ሳለ ጫናውን በማንሳት ብቻ ሊድን ይችላል። አራተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ጡንቻና አጥንት ይታያል፤ መዳኑም ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዴም አይድንም።

አደጋውን ቀድሞ ለመገመት የብሬደን መለኪያ የሚባል ቀላል ሠንጠረዥ አለ። የስሜት ሁኔታን፣ እርጥበትን፣ የእንቅስቃሴ መጠንን፣ ራስን የማገላበጥ አቅምን፣ አመጋገብንና መፈተግን ይመለከታል። ድምሩ ከ6 እስከ 23 ሲሆን ቁጥሩ ባነሰ መጠን አደጋው ይጨምራል፤ 18 እና ከዚያ በታች ያገኘ ሰው በአደጋ ላይ እንዳለ ይቆጠራል። ይህን ለመሙላት እርሳስና ወረቀት የያዘች ነርስ ትበቃለች።

ቆጠራው ሲሠራ ሁለት ዓይነት ቁስል መለየት አለበት። ማዕከሉ ውስጥ 30 ሰዎች ካሉና 3ቱ ቁስል ካላቸው፣ ከእነዚህ ውስጥ 2ቱ ከቤታቸው ወይም ከሆስፒታል ይዘውት የመጡ ከሆኑ ማዕከሉ የሚጠየቀው በአንዱ ነው። ይህ የሚታወቀው ሰውየው በገባበት ዕለት ገላው ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ታይቶ ከተመዘገበ ብቻ ነው። ካልተመዘገበ ቤተሰብ ማዕከሉን፣ ማዕከሉ ቤተሰቡን ሲወቅስ ይኖራል።

ክብደት መመዘን ምን ያሳያል?

ምግብ መቅረቡንና ምግብ መበላቱን ይለያል። በየወሩ በአንድ ሚዛን፣ በተመሳሳይ ሰዓትና በተመሳሳይ ልብስ መመዘን ነው። ሰው ሳያስበው በአንድ ወር ውስጥ ከክብደቱ 5 በመቶ፣ ወይም በስድስት ወር ውስጥ 10 በመቶ ከቀነሰ ሐኪም ሊያየው ይገባል። 50 ኪሎ የነበሩ እናት በወሩ 47.5 ከሆኑ ደወል ተደውሏል ማለት ነው፤ በዓይን ግን አይታወቅም፣ በጋቢ ሥር ማንም አያየውም።

መቆም የማይችሉትንስ? የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። የባታቸውን ወፍራም ቦታ ለኩ፤ ከ31 ሳንቲ ሜትር ካነሰ የምግብ እጥረትና የጡንቻ መሟሸሽ ያጠራጥራል። ምክንያቱ ሁልጊዜ ድህነት አይደለም። ጥርስ ላይኖር ይችላል። ወጡ ለጨጓራቸው ያቃጥላል፤ እንጀራው ደርቋል፤ ወይም ኀዘን የምግብ ፍላጎታቸውን ዘግቶታል።

ሰው መውደቁ ማዕከሉ መጥፎ መሆኑን ያሳያል?

የግድ አይደለም። አረጋውያን በየትም ይወድቃሉ። ቁም ነገሩ የወደቀው ሰው መመዝገቡ፣ ለምን እንደወደቀ መጠየቁና የሚቀጥለው ውድቀት መቀነሱ ነው። ትልቅና ትንሽ ማዕከልን ለማወዳደር ቁጥሩን በሰው ቀን ማካፈል ያስፈልጋል። 40 ሰዎች ለ30 ቀን ከኖሩ 1,200 የሰው ቀን ይሆናል፤ በዚያ ወር 6 ጊዜ መውደቅ ካጋጠመ ለ1,000 የሰው ቀን 5 ውድቀት ነው። በሚቀጥለው ወር ያንኑ ስሌት ድገሙት።

“እኛ ጋ ማንም ወድቆ አያውቅም” የሚል ማዕከል ግን ያስፈራኛል። ወይ መዝገብ የለውም፣ ወይ ሰዎቹ ከአልጋ እንዲነሱ አይፈቀድላቸውም። ደግሞም አነስተኛ ማዕከል ላይ በመቶኛ አትፍረዱ፤ 20 ሰዎች ባሉበት አንድ ሰው ብቻ 5 በመቶ ነው።

አባታችን እየተነሱ ስለሚሄዱ በነጠላ ታስረው አገኘናቸው። ይፈቀዳል?

የታሰረ ሰው ቶሎ ጡንቻው ይላላል፣ ይቆስላል፣ ይደናገጣል፤ ለማምለጥ ሲታገልም የባሰ ጉዳት ይደርስበታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣችው የአረጋውያን ማቆያ ማሻሻያ ሕግ፣ ለሠራተኛ ምቾት ወይም ለቅጣት ሲባል ሰውን ከማሰር ነጻ መሆንን መብት አድርጋለች። በሕክምና አስገዳጅ ሆኖ ከተገኘ እንኳ ምክንያቱ፣ የታዘዘበት ሰዓትና የሚፈታበት ሰዓት ተጽፎ መገኘት አለበት።

በዓይን የማይታይ ማሰሪያም አለ፤ እርሱም ማደንዘዣ ክኒን ነው። ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን የመሳሰሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች የመርሳት ሕመም ያለበትን ሰው ዝም ለማሰኘት ሲሰጡ ይታያል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2005 ለአዲሶቹ፣ በ2008 ደግሞ ለቆዩት የዚህ ዓይነት መድኃኒቶች በመርሳት ሕመምተኛ አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ የሚገልጽ ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ አድርጓል። አባታችሁ ከገቡ በኋላ ቀኑን ሙሉ ማንቀላፋት ከጀመሩ “እርጅና ነው” ብላችሁ አትለፉት፤ የመድኃኒት ዝርዝራቸውን፣ ማን እንዳዘዘውና ለምን እንደታዘዘ ጠይቁ። በራሳችሁ ግን አታቋርጡት።

ከማሰር በፊት የሚሞከር ብዙ ነገር አለ። ሰው የሚነሳው ሽንቱ መጥቶ፣ ርቦት፣ አሞት ወይም የአዛን ወይም የቅዳሴ ድምፅ ሰምቶ ሊሆን ይችላል። ያንን ያወቀ ተንከባካቢ ገመድ አያስፈልገውም።

ስንት ተንከባካቢ ይበቃል?

እ.ኤ.አ. በ2001 ለአሜሪካ መንግሥት የቀረበ ጥናት ለአንድ ነዋሪ በቀን ከነርሶችና ከረዳቶቻቸው 4.1 ሰዓት ያህል እንክብካቤ ካልደረሰ ጥራቱ እንደሚጎዳ አመልክቷል። ለ30 ነዋሪዎች ይህ 123 ሰዓት፣ ማለትም በቀን ስምንት ስምንት ሰዓት የሚሠሩ 15 ሰዎች ማለት ነው። በእርዳታ የሚተዳደር ማዕከል እዚያ ይደርሳል ብዬ አልጠብቅም። ስሌቱ ግን ለማንም ያገለግላል፦ 6 ተንከባካቢዎች በቀን 8 ሰዓት ሠርተው 30 ሰው ከያዙ ለአንድ ሰው 1.6 ሰዓት ብቻ ይደርሰዋል። ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ማጉረስና መለወጥ በዚያ ውስጥ ይገባሉ ወይ? አስሉት።

ለሌሊቱ ለብቻው ጠይቁ። ሌሊት አንድ ዘበኛ ብቻ ካለ ማገላበጡ ቆሟል ማለት ነው። ሠራተኞቹ ምን ያህል ጊዜ እንደቆዩም ጠይቁ፤ በየሦስት ወሩ የሚቀያየር ሰው እማማ ሻይ እንደማይወዱ፣ ግራ ጆሯቸው እንደማይሰማ አያውቅም። ደመወዙ ወር በገባ ቁጥር የሚዘገይበት ተንከባካቢ ለምን አልቆየም ብሎ መገረም አይቻልም። በጎ ፈቃደኞች በረከት ናቸው፤ ነገር ግን እሑድ የሚመጣ ሰው የረቡዕን ሌሊት አይሸፍንም።

ጸሎት፣ ጾምና ሥጋ የጥራት ጉዳይ ናቸው?

በወሎ ከዋናዎቹ አንዱ ናቸው። ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ግቢ በሚያረጁበት አገር፣ ሕይወቷን ሙሉ የሌላውን እምነት ሥጋ ያልቀመሰች እናት በመጨረሻ ዘመኗ ምን እንደቀረበላት ሳታውቅ እንድትበላ ማድረግ በደል ነው። የመርሳት ሕመም ቢኖርባትም በደል ነው፤ ልጆቿ ይህን ሲሰሙ የሚሰማቸውን አስቡት። ለጋሽ አንድ በሬ ሲያመጣ ማዕከሉ ለሌላኛው ወገን ምን ያዘጋጃል? ድስቶቹ ተለይተዋል?

ጾምም እንዲሁ ነው። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሙሉውን በሽሮ ፍትፍት ብቻ ያሳለፈ ደካማ ሰው ክብደቱ ይወርዳል። ምስር፣ ባቄላ፣ ሱፍና ኑግ በጾም ገበታ ላይ እንዲኖሩ ማድረግ ይቻላል። በረመዳን ደግሞ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ሰዓት አስቀድሞ ከሐኪም ጋር መታየት አለበት። መጾም የሌለበት ሕመምተኛ ሲኖር በሠራተኛ ቁጣ አይከለከልም፤ የነፍስ አባቱ ወይም ኢማሙ ተጠርተው ቢያነጋግሩት ልቡ ያርፋል።

ከአልጋ ለማይነሳ ሙስሊም ውዱእ የሚያስደርገው ሰው ወይም ተየሙም የሚያደርግበት ንጹሕ አፈር አለ? ቂብላ ከደሴ ወደ ሰሜን ነው፤ ክርስቲያኑ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይጸልያል። የአልጋ አቀማመጥ ሲወሰን ይህን ያሰበ ማዕከል ሌላውንም ነገር ያስባል ብዬ አምናለሁ። ቡናውንም አልረሳሁም፤ እጣኑ ጨሶ፣ ዱአው ተደርጎ ወይም ምርቃቱ ተሰጥቶ አብሮ መጠጣት ከብዙ የታቀደ መዝናኛ ይበልጣል።

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በተለየ የሚታይ ነገር አለ?

አለ። በመካከላቸው ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ በሁለቱ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ አየሩ ይለወጣል። ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ናት። ሌሊቱ ይበርዳል፤ አረጋውያንም ሌሊት ላለመነሳት ብለው ከቀትር በኋላ ውሃ መጠጣት ያቆማሉ። ሽንታቸው ይጠቁራል፣ ሆዳቸው ይደርቃል፣ ግራ ይጋባሉ። መፍትሔው በአልጋ አጠገብ የሚቀመጥ ፖፖና ሲጠሩት የሚመጣ ሰው ነው። ከሁሉ በላይ ግን የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አስገብቶ ማሳደር ፈጽሞ የተከለከለ መሆን አለበት። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛውን ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ብርድ ልብስ ይጨመር፣ መስኮቱ ይጠገን።

ኮምቦልቻ ከ2,000 ሜትር በታች በመሆኗ ወባ ሊኖር ይችላል፤ አጎበር መኖሩን ብቻ ሳይሆን መዘርጋቱን ተመልከቱ። በሙቀቱ ወቅትም ውሃ በሰዓት ይሰጥ፤ በእርጅና የጥማት ስሜት ይደክማልና ሰው እስኪጠይቅ አይጠበቅም።

ሌሎች አገሮች እንዴት ይለካሉ?

አሜሪካ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማዕከላትን ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ትሰጣለች። እንግሊዝ አገር ተቆጣጣሪው አካል ማዕከሉ ደህንነቱ የተጠበቀ፣ ውጤታማ፣ ርኅሩኅ፣ ለሰው ፍላጎት ምላሽ የሚሰጥና በሚገባ የሚመራ መሆኑን በአምስት ጥያቄ ይመዝናል። ከሁለቱም የሚወሰድ አለ፤ ይልቁንም ከድክመታቸው። የአሜሪካ ኮከብ በከፊል የሚያርፈው ማዕከላቱ ስለራሳቸው በሚያቀርቡት ሪፖርት ላይ ነው፤ ተመራማሪዎች ሪፖርቱን ከሆስፒታል መዝገብ ጋር ሲያስተያዩት ከባድ ጉዳት ካደረሱ ውድቀቶች ውስጥ የተመዘገቡት ከግማሽ ጥቂት የሚበልጡት ብቻ ሆነው ተገኙ። እኛም መለካት ስንጀምር ቆጣሪው ከማዕከሉ ውጭ የሆነ ሰው ቢጨመርበት መልካም ነው፤ ለምሳሌ ከጤና ጣቢያ የመጣች ነርስ ወይም የእድር ተወካይ።

አረጋውያኑን ራሳቸውን መጠየቅ ይጠቅማል? ሁሉም “ተመስገን” ነው የሚሉት።

ይጠቅማል፤ አጠያየቁ ግን ይለወጥ። “እንዴት ይዘውዎታል?” ካላችኋቸው “እግዚአብሔር ይመስገን”፣ “አልሐምዱሊላህ” ይላሉ። ባህላቸው ነው፤ አንዳንዴም ፍርሃት አለበት፤ ነገ የሚያጎርሳቸው ያው ሰው ነውና። ሠራተኛ በሌለበት ተቀምጣችሁ የተወሰነ ነገር ጠይቁ፦ ትናንት ሌሊት ሰው ጠርተው ነበር? ቶሎ መጣ? ዛሬ ምን በሉ? ገላዎን የታጠቡት መቼ ነው? ሲያምዎት ለማን ይናገራሉ? ከዚህ ቤት የሚወዱት ሰው ማን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ስም ካስገኘ ጥሩ ምልክት ነው።

መናገር ለማይችሉት ፊታቸውን አንብቡ። ገላቸው ሲነካ ግንባራቸውን ይቋጥራሉ? አንድ ሠራተኛ ሲገባ ይሸማቀቃሉ?

በነጻ የሚረዳን ማዕከል መጠየቅ ምስጋና ቢስነት አይሆንም?

አይሆንም። ሜቄዶንያን የመሰሉ ማዕከላት ከጎዳና ያነሷቸውን ሰዎች ስናስብ ምስጋናችን ከልብ ነው። ይሁንና አረጋዊው የሚቀበለው ምጽዋት ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን የመርዳት ኃላፊነትን በመንግሥት ላይ ጥሏል። ቁጥር ለሚይዝ ማዕከል ጥያቄ አይከብደውም፤ እንዲያውም “ሌሊት ሁለት ሰው ብንጨምር ቁስሉ ይቀንሳል” ብሎ ለለጋሽ የሚያሳየው ማስረጃ ያገኛል።

የጤና መድኅንስ?

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ሙከራው ሲጀመር ከተመረጡት ጥቂት ወረዳዎች አንዱ የእኛው ተሁለደሬ ነበር፤ ስለዚህ አሠራሩ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። አባልነቱ በቤተሰብ በመሆኑ ማዕከል የገባ ብቸኛ አረጋዊ በመካከል ሊወድቅ ይችላል። መክፈል ለማይችሉ ሰዎች መዋጮው የሚሸፈንበት መንገድ አለና ማዕከሉ ከቀበሌ ጋር ጨርሶ መታወቂያውን ማሳደሱን አረጋግጡ። ሰው ወደ ደሴ ሪፈራል ወይም ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሲላክ የመድኃኒት ዝርዝሩን የሚይዝና አብሮ የሚያድር ሰው ማን እንደሆነም አስቀድሞ ይታወቅ።

ብዙ ሰው የሚሞትበት ማዕከል መጥፎ ነው?

ቁጥሩ ብቻውን ያሳስታል። በጠና የታመሙትን የሚቀበል ማዕከል ብዙ ሞት ያያል፤ ጠንካሮቹን መርጦ የሚያስገባ ደግሞ ጥቂት። የሚጠየቀው ሌላ ነው። ሕመሙ ተቀንሶለት ነበር? አፉ እንዳይደርቅ ይረጥብ ነበር? ሰው እጁን ይዞት ነበር? ለቤተሰብ ተነግሯል? እንደ እምነቱ ታጥቦና ተገንዞ ተቀብሯል? ከሦስት ወር በፊት ያልነበረ ቁስል ወይም ድርቀት ለሞቱ ምክንያት ሆኖ ከሆነ ግን ያ ሞት ሊመረመር ይገባዋል።

ማዕከል እናስተዳድራለን፤ ገንዘብ የለንም። ከየት እንጀምር?

ከአንድ ትልቅ ደብተር። ሃያ መለኪያ አታብዙ፤ በሁለተኛው ወር ትተዉታላችሁ። አዲስ የወጣ ቁስል፣ ክብደት ወይም የባት ልክ፣ መውደቅ፣ መታሰር፣ እነዚህ አራቱ ይበቃሉ። በወሩ መጀመሪያ አንድ ቀን ለይታችሁ ሙሉ ቀን ስጡት። ቁጥሩ ሲከፋ ያየችውን የጻፈች ተንከባካቢ እንዳትቀጣ ተጠንቀቁ፤ አንድ ጊዜ ከተቀጣች ደብተሩ ከዚያ ወዲያ ባዶ ይሆናል። የምታነጻጽሩት መጀመሪያ ከራሳችሁ ካለፈው ወር ጋር ይሁን።

በደል ባይ ለማን ልንገር?

መጀመሪያ ለማዕከሉ ኃላፊ፣ ቢቻል በጽሑፍ፣ ያያችሁበትን ቀንና ሰዓት ጠቅሳችሁ። መልስ ካጣችሁ ወደ ከተማው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። የአካል ጉዳት፣ ድብደባ ወይም የጡረታ ገንዘብ መዝረፍ ከሆነ ጉዳዩ የፖሊስ ነው፤ ሰውየውን በዕለቱ ሐኪም እንዲያየውና እንዲመዘግበው አድርጉ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም የአረጋውያንን መብት የሚመለከት አቤቱታ ይቀበላል። የሌላ ሰውን ገላ ፎቶግራፍ አንስታችሁ በማኅበራዊ ሚዲያ አትልቀቁ፤ ማስረጃውን ለሚመለከተው አካል ብቻ ስጡ። ተበዳዩ ቤተሰብ የሌለው ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስ በየሳምንቱ የሚጠይቀው አንድ ሰው ከእናንተ መካከል መድቡለት።